ውሳኔው ቀበሌ ካልወረደ

በጎጃም አደጋ የሚበዛው በጀት በሚዘጋበት ወቅት ነው። ሰኔ 30 ሒሳብ ይዘጋል፤ አዲሱ በጀት ጸድቆ፣ ተደልድሎ፣ ወረዳ ወርዶ እጅ እስኪገባ ሐምሌ ያልቃል፤ ሲብስም ነሐሴ ይጋመሳል። የጮቄ ተራራ ተዳፋት ውኃ ጠጥቶ የሚከብደው፣ ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርደው ጥርጊያ መንገድ የሚቆረጠው፣ ጎርፍ ምንጩን በክሎ ተቅማጥ የሚነሣው ግን በእነዚያው ሳምንታት ነው። መስከረም ሲጠባ ደግሞ ወባው ይከተላል። ስለዚህ አንድ የዞን መምሪያ ኃላፊ ሐምሌ ላይ «በጀት የለኝም» ቢል አልዋሸም። ይህ በየዓመቱ እንደሚመጣ እያወቀ ግንቦት ላይ ምን ሲሠራ ነበር? መጠየቅ ያለበት ይህ ነው።

ሌላም የሚያዘናጋ ነገር አለ። ጎጃም የጤፍና የበቆሎ አገር ነው፤ በመንግሥት ሰነድ «ትርፍ አምራች» እየተባለ ይጻፋል። የደጋው ምርት የቆላውን ችግር ይሸፍነዋል። የዞኑ አማካይ ሲወጣ ሸበል በረንታና እነብሴ ሳር ምድር ውስጥ በሴፍቲኔት የሚረዳው ሰው ከሠንጠረዡ ይጠፋል። ስሙ ስለሚያኮራ የዝግጅት ዕቅድ የሚጻፈው ለወግ ይሆናል፤ ካለፈው ዓመት ተቀድቶ ዓመተ ምሕረቱ ብቻ ይቀየርና መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል።

መልክዓ ምድሩስ? ከደብረ ማርቆስ ወይም ከፍኖተ ሰላም የተነሣ መኪና አስፋልቱን ጨርሶ ጠጠር፣ ጠጠሩን ጨርሶ ጭቃ ይገባል። ወደ ዓባይ ዳር ቀበሌዎች ሲሆን የመጨረሻው መንገድ በእግር ወይም በበቅሎ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ስለዚህ በቀበሌው እጅ ናቸው፤ መምሪያው ቢፈልግም አይደርስባቸውም። የመምሪያ ኃላፊ ዋና ሥራ እነዚያ ሰዓታት ሳይመጡ ሥልጣኑን፣ ቁልፉንና ገንዘቡን ወደ ታች ማውረድ ነው። ይህን ያላደረገ ኃላፊ በአደጋው ቀን የቱንም ያህል ቢሯሯጥ የሚያመጣው ለውጥ ትንሽ ነው።

ውክልና በቃል አይሰጥም። በአንድ ገጽ ተጽፎ፣ ማኅተም አርፎበት፣ ክረምቱ ሳይገባ ለወረዳ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣ ለጤና ጣቢያ ኃላፊና ለቀበሌ ሥራ አስኪያጅ የሚደርስ ደብዳቤ መሆን አለበት። ይዘቱ አጭር ነው፤ ማን፣ ምን ምልክት ሲያይ፣ ማንንም ሳይጠይቅ ምን ማድረግ ይችላል። የቀበሌው ሥራ አስኪያጅ ተዳፋት ሲሰነጠቅ ካየ ነዋሪውን ያስወጣል፣ የትምህርት ቤቱን ክፍሎች ይከፍታል። የጤና ጣቢያው ኃላፊ ውኃ የመሰለ ተቅማጥ ይዞት ፈሳሹ አልቆ አቅም ያጣ አዋቂ ሰው ከመጣለት ለይቶ ያስተኛል፣ ከመጠባበቂያው መድኃኒት ያወጣል። የወረዳው ኃላፊ እስከ ተወሰነ ብር ድረስ ነዳጅ ይገዛል፣ የጭነት መኪና ይከራያል። የብሩ ጣሪያ በአኃዝና በፊደል ይጻፍ። ጣሪያ የሌለውን ውክልና ማንም አይጠቀምበትም፤ ነገ ኦዲተር ሲመጣ የሚጠየቀው ፈራሚው መሆኑን የማያውቅ የመንግሥት ሠራተኛ የለምና።

ተተኪም በስም ይጻፍ፤ አንድ ሳይሆን ሁለት። ኃላፊው ባሕር ዳር ስብሰባ ላይ ነው፣ ምክትሉ ሥልጠና ገብቷል፣ ቡድን መሪው ለቅሶ ሄዷል፤ ይህ አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ሳይሆን ተራ የሰኔ ሳምንት ነው። የመጋዘን ቁልፍም እንዲሁ ነው። አንዱ በዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛው እጅ ሲሆን ሁለተኛው በታሸገ ፖስታ ካዝና ውስጥ ይቀመጥ፤ የሚከፈተው በሦስት ሰው ፊርማ ይሁን። መጋዘን ሙሉ መድኃኒት እያለ ቁልፍ ያዡ ሌላ አገር ስለሆነ የሚቆም ሥራ ከእጥረት በላይ ያስቆጫል።

ጥሪው ሲመጣ የሰዓቱን ደቂቃ ሳይቀር ጻፉ። ከዚያ ጠይቁ፦ የየትኛው ቀበሌ የትኛው ጎጥ ነው? መቼ ሆነ? ምን ሆነ? አደጋው አሁንም አለ ወይስ ቆሟል? ስንት ሰው ተጎዳ? መኪና የት ድረስ ይገባል? እዚያ ማን አለ፣ መልሼ በየትኛው ስልክ አገኘዋለሁ? «ጎጡ የቱ ነው?» የሚለውን የዘለለ ሰው አምቡላንሱን ሌላ ሸንተረር ላይ ያቆመዋል። በጤና በኩል ደንቡ ግልጽ ነው፤ ወዲያውኑ ሪፖርት የሚደረግ በሽታ ሲጠረጠር ከአንዱ እርከን ወደ ሌላው በ30 ደቂቃ ውስጥ መተላለፍ አለበት። ወረቀቱ በኋላ ይሞላል፤ ስልኩ ይቅደም።

ቀጥሎ የሚመጣው የቢሮ በሽታ «እናረጋግጥና» የሚለው ነው። ማረጋገጥ ትክክል ነው፤ ግን ሁሉም ነገር ማረጋገጫ አይጠብቅም። ያለ ከባድ ኪሳራ ሊመለስ የሚችል ነገር ሳይረጋገጥም ይላካል፤ አምቡላንስ፣ ሁለት ነርስ፣ አንድ መሐንዲስ፣ ጥቂት ሸራና ብርድ ልብስ። ወሬው ሐሰት ቢሆን የሚጠፋው ጥቂት ናፍጣ ነው። ከወጣ የማይመለስ ነገር ግን ይረጋገጥ፤ የገንዘብ ክፍያ፣ የእህል እደላ፣ ለሕዝብ የሚነገር የሟች ቁጥር። ብዙ ኃላፊዎች ይህን ገልብጠው ይይዙታል፤ አምቡላንሱን አቁመው ቁጥሩን ይናገራሉ።

ስብሰባውን በተመለከተ ግብረ ኃይሉ 30 ሰው ከሆነ ሥራው ወሬ ነው። አንድ አስተባባሪ በቅጡ መምራት የሚችለው ከ3 እስከ 7 ሰው ነው፤ 5 ቢሆን ይመረጣል። መረጃ የሚሰበስብ፣ ሥራውን መስክ ላይ የሚመራ፣ ዕቃና መኪና የሚያቀርብ፣ ገንዘብና መዝገብ የሚይዝ፣ ለሕዝብ የሚናገር። ሌላው መምሪያ ሁሉ በእነዚህ በአንዱ ሥር ይግባ። ስብሰባው በጠዋትና በማታ ከ20 ደቂቃ አይለፍ፤ ቃለ ጉባኤው ላይም ውሳኔው፣ የሚፈጽመው ሰው ስምና የሚጠናቀቅበት ሰዓት ብቻ ይጻፍ። የመድረክ መክፈቻ ንግግር ለሌላ ቀን ይደር።

መረጃ ሰብሳቢው አንድ ሰው ይሁን ማለት ትንሽ ነገር ይመስላል። ግብርናው ለቀበሌው ሥራ አስኪያጅ ይደውላል፤ ጤናው ይደውላል፤ ጸጥታው ይደውላል፤ ሴቶችና ሕፃናት ይደውላል፤ ሁሉም «ስንት ሰው?» ይላሉ። ሰውየው ለአራቱ አራት ቁጥር ይሰጣል፣ በየሰዓቱ ቁጥሩ ይለወጣልና። መብራት በሌለበት ቀበሌ ባትሪው እኩለ ቀን ሳይደርስ ያልቃል። ከዚያ በኋላ የሚፈለገው ጥያቄ «መንገዱ ተከፈተ ወይ?» ሲሆን የሚመልስ የለም።

ኃላፊው ራሱስ የት ይሁን? በመጀመሪያው ቀን ስልክና ፊርማ ያለበት ቦታ ይቀመጥ፤ መስክ የሚወርደው መፈረም የሚችል ምክትሉ ነው። በሦስት ላንድክሩዘር ታጅቦ የደረሰ ኃላፊ ሦስት የመጓጓዣ መኪና፣ የአንድ ቀን ናፍጣና የቀበሌውን አመራር ሙሉ ትኩረት ወስዷል። አገራችን ደግሞ እንግዳ የሚከበርበት ነው፤ አፈር ውስጥ ዘመዱን የሚፈልግ ቀበሌ በአንድ በኩል በግ ሲጎትት ማየት የሚያሳፍረው እንግዳውን መሆን ነበረበት። ሲሄድ በአንድ መኪና፣ የጭነት ቦታውን በዕቃ ሞልቶ፣ ስንቁን ቋጥሮ ይሂድ።

የመሬት ናዳ ለብቻው ሊታይ ይገባል። ኡኡታ የሰማ ሁሉ ይሮጣል፤ ከቤቱ የቀረ ሰው በኋላ ሲታማ ይኖራል። ይህ ደግ ባሕል ተዳፋት ላይ ይገድላል። ሐምሌ 15 ቀን 2016 በጎፋ ዞን ከንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ የመጀመሪያው ናዳ የቀበራቸውን ሊያወጣ የተሰበሰበው ሕዝብ ላይ ሁለተኛው ወረደበት፤ ከ200 በላይ ሰው አለቀ፤ ብዙዎቹ ሊያድኑ የመጡ ነበሩ። በጮቄ ዙሪያና በዓባይ ገባሮች ገደል ላይ የሚኖር ቀበሌ ሁሉ ይህን እንደ ራሱ ታሪክ ማወቅ አለበት።

ስለዚህ ሕዝቡ ሲደርስ የመጀመሪያው ሥራ ማቆም ነው። ከናዳው ፊት ለፊት ካለ ጠንካራ ተረተር ላይ ሁለት ሰው ጥሩምባ ይዘው ይቁሙ፤ ሥራቸው ተዳፋቱን ማየት ብቻ ነው። ድንጋይ መንከባለል ከጀመረ፣ አዲስ ስንጥቅ ከታየ፣ ውኃ ከማያውቀው ቦታ ከፈለቀ ወይም ጥርት ያለ ምንጭ ድንገት ከደፈረሰ ይነፋሉ። ሲነፋ ወደ ጎን ነው የሚወጣው፤ ቁልቁል የሮጠ ናዳው ይቀድመዋል። ቆፋሪው በአንድ ጊዜ ከ10 ሰው አይብለጥ፤ በየግማሽ ሰዓቱ ይቀያየር፤ የገባውና የወጣው በስም ይመዝገብ። በየመሃሉ ሁሉም ዶማና አካፋውን አቁሞ ጸጥ ብሎ ያዳምጥ፤ ከአፈር ሥር ያለ ሰው ድምፅ የሚሰማው ያኔ ነው። ኤክስካቫተር ከመጣ መሐንዲስ ሳያይ ተዳፋቱ ላይ አይውጣ። ክብደቱና ንዝረቱ አዲስ ናዳ ያስነሣል፤ ባልዲውም በሕይወት ያለውን ከሞተው አይለይም።

ዝናብ ከጀመረ ቁፋሮ ይቆማል። ይህን የሚወስነው ሰው ያለቀሰች እናት ፊት ቆሞ ነው የሚወስነው። ውሳኔ ወደ ታች ይውረድ ስል ቆይቻለሁ፤ ይህኛው ግን ወደ ላይ መውጣት አለበት። የቀበሌው ሊቀመንበር ከዚያ ሕዝብ ጋር ዕድሜውን ሙሉ ይኖራል፤ «ልጄን እንዳላወጣ የከለከለኝ» ተብሎ ሊኖር አይገባውም። የመምሪያ ኃላፊው ራሱ ይናገረው፣ ምክንያቱን ይግለጽ፣ በስሙ ይፈርምበት።

ከናዳ በፊት መሬት ብዙ ጊዜ ምልክት ይሰጣል። በር ያለ ምክንያት አልዘጋ ይላል፣ ግድግዳ ይሰነጠቃል፣ ዛፍና የመብራት ምሰሶ ያዘነብላል። ስንጥቅ ሲገኝ በግራና በቀኙ ሁለት ችካል ይተከልና በመካከላቸው ያለው ርቀት በየጠዋቱ ይለካ። ከዕለት ወደ ዕለት ከሰፋ በዚያው ቀን ቤቱ ይለቀቅ። ካልሰፋም ስንጥቁ በጭቃ ተጠቅጥቆ ይደፈን፣ ከበላዩ ቦይ ተቆፍሮ ጎርፉ ወደ ጎን ይመለስ። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይኸው ነው። ይህን ለማድረግ ሁለት ችካልና ከመምሪያው የተጻፈ አንድ ትእዛዝ ይበቃል።

ስለ አስከሬን ብዙ ኃላፊ የተሳሳተ ነገር ያምናል። በናዳ፣ በጎርፍ ወይም በመኪና አደጋ የሞተ ሰው አስከሬን ወረርሽኝ አያስነሣም፤ በኮሌራና በመሳሰለው ተላላፊ በሽታ የሞተ ሰው ግን የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ስለዚህ በዶዘር የጅምላ ጉድጓድ የሚያስቆፍር ምክንያት የለም። ቀብሩ በዕለቱ ይሁን ብሎ ቤተሰብ ቢቸኩልም ከዚያ በፊት ለእያንዳንዱ አስከሬን ቁጥር ይሰጥ፤ ፊቱ፣ ልብሱ፣ ማተቡ ወይም ቀለበቱ በፎቶ ይያዝ፤ የተገኘበት ቦታ፣ ጾታውና የተገመተው ዕድሜ ይጻፍ። በቁጥሩ ልክ መቃብሩ ላይ ምልክት ይተከል። ይህ ሲቀር የሚጎዳው በሕይወት ያለው ነው። ተዝካሩን ያወጣ ቤተሰብ የሞት ማስረጃ ሳያገኝ ይቀራል፤ የመሬት ይዞታ ደብተሩ በሟች ስም ይቆያል፤ መበለቲቱ በፍርድ ቤት ደጃፍ ትመላለሳለች።

ወደ በሽታ እንምጣ። የወባ ወረርሽኝ በአንድ ሌሊት አይፈነዳም፤ ግድግዳ ላይ ባለ ገበታ ቀድሞ ይታያል። አሠራሩ ቀላል ነው። ያለፉት 5 ዓመታት የዚያው ሳምንት ቁጥር ይደረደርና ከላይ ሁለተኛው እንደ ጣሪያ ይያዛል። ለምሳሌ የአንድ ጤና ጣቢያ ቁጥሮች 40፣ 55፣ 62፣ 71 እና 90 ከሆኑ ጣሪያው 71 ነው፤ የዘንድሮው ሳምንት 80 ካመጣ ወረርሽኝ ነው፤ ደብዳቤ ሳይጠበቅ ሥራ ይጀመራል። ሁለት ነገር ያበላሸዋል። አንደኛው ገበታው በየቢሮው ተሰቅሎ የመጨረሻው ነጥብ ከሁለት ወር በፊት መሆኑ ነው። ሁለተኛው የዞን ድምር ነው፤ ወምበርማ ወይም ጃቢ ጠህናን ውስጥ አንድ ቀበሌ በእጥፍ ሲያሻቅብ የዞኑ ድምር ንቅንቅ አይልም። ገበታው በጤና ጣቢያ ደረጃ ይሠራ፤ ኃላፊው ሰኞ ጠዋት የሚጠይቀውም «ስንት ታመመ?» ሳይሆን «ጣሪያውን ያለፈ የት ነው?» ይሁን። የቤት ውስጥ ርጭት ወቅቱ ከመግባቱ በፊት የሚሠራ ነው፤ ጥቅምት ላይ ወረርሽኙ ከናረ በኋላ ርጭት ማወጅ ጅብ ከሄደ የሚጮኸውን ውሻ መሆን ነው። ያኔ የሚያድነው በጤና ኬላ ደረጃ ፈጣን መመርመሪያና መድኃኒት ሳይቆራረጥ መኖሩ ነው።

ኮሌራ ግን ቀን አይሰጥም። ሰኔና ሐምሌ ላይ ለሰሊጥ አረም ወደ መተማና ቋራ የወረደው የጎጃም ወጣት ይመለሳል፤ ጠበል የሄደውም ይመለሳል። በ2015 ክረምት በቋራ በርሚል ጊዮርጊስ ጠበል ኮሌራ ሲነሣ ከብዙ አቅጣጫ የመጣ ሕዝብ እዚያ ነበር። ለ100 ታማሚ የሚያስፈልገው መነሻ ክምችት 650 ባለ 1 ሊትር የኦአርኤስ (ለተቅማጥ ሕሙም በውኃ ተበጥብጦ የሚጠጣ ዱቄት) ከረጢትና 120 ባለ 1 ሊትር ሪንገር ላክቴት (በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ) ከነመስጫ ገመዱ ነው። ይህ መጠን ቢያንስ በዞን ደረጃ ሳይነካ ይቀመጥ። በአግባቡ ከታከመ ከ100 ታማሚ አንድ እንኳ ሊሞት አይገባም፤ ሞቱ ከዚያ ካለፈ ሰው ዘግይቶ እየደረሰ ነው ወይም በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ አልቋል ማለት ነውና ኃላፊው መፈለግ ያለበት ከሁለቱ የቱ እንደሆነ ነው። ኦአርኤስ በሌለበት ጎጥ 1 ሊትር ንጹሕ ውኃ ላይ 6 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይበጠበጣል። ጨው ሲበዛ ሕፃን ይጎዳል፤ ማንኪያው በደንብ ይለካ።

ክሎሪኑም በጭፍን አይበጠበጥም። 70 በመቶ በሆነው የክሎሪን ዱቄት ለ10 ሊትር ውኃ፣ ለእጅ 7 ግራም፣ ለወለልና ለአልጋ 30 ግራም፣ ለትውከት፣ ለዓይነ ምድርና ለአስከሬን 300 ግራም ነው። ሦስቱ ባልዲዎች በቀለም ይለዩ፤ የ300 ግራሙ እጅ ይልጣል። ኃይሉ ስለሚደክም በየቀኑ አዲስ ይዘጋጅ፤ ብረት ስለሚበላ ፕላስቲክ ውስጥ ይሁን፤ የሚበጠበጠውም ደጅ ላይ ነው። በቤት የሚጠጣ ውኃ ውስጥ የሚቀረው ክሎሪን በሊትር ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊግራም ይሁን።

ጠበሉን በትእዛዝ መዝጋት አያዋጣም። ሕዝቡ ሌሊት ይሄዳል፣ የታመመውም ይደበቃል። ከደብሩ አስተዳዳሪና ከሀገረ ስብከቱ ጋር ተቀምጦ የሚጠመቁበት ከሚጠጡት እንዲለይ፣ መጸዳጃው ከውኃው ከ30 ሜትር በላይ እንዲርቅና ቁልቁል እንዲሆን፣ አንድ የኦአርኤስ ድንኳን በር ላይ እንዲቆም መስማማት ይሻላል። ካህኑ «የታመማችሁ ቀድማችሁ ድንኳኑ ግቡ» ካሉ የመምሪያው መኪና በድምፅ ማጉያ ቀኑን ሙሉ ከሚጮኸው ይበልጥ ይሰማል። በሽታውን በስሙ ለመጥራት የሚፈራ ኃላፊም ጉዳት ያደርሳል። የመጀመሪያዎቹ ናሙናዎች ከተረጋገጡ በኋላ ሁሉንም ታማሚ መመርመር አያስፈልግም፤ ሕክምናው ደግሞ ከመጀመሪያውም ውጤት አይጠብቅም።

ተፈናቃይ ሲመጣ ሒሳብ የማያውቅ ኃላፊ ይሸነፋል። በ2013 ከመተከል የተፈናቀለው ሕዝብ ቻግኒ ራንች ሲሰፍር የታየው ይህ ነው፤ ብዛት ያለው ሰው በአጭር ጊዜ ይደርሳል። 1,000 ቤተሰብ በአማካይ 5 ሰው ይዞ 5,000 ሰው ነው። የወር ራሽኑ ለአንድ ሰው 15 ኪሎ እህል፣ 1.5 ኪሎ ጥራጥሬና 0.45 ኪሎ ዘይት ነው። ስለዚህ 750 ኩንታል እህል፣ 75 ኩንታል ጥራጥሬና 22.5 ኩንታል ዘይት ይፈለጋል፤ 100 ኩንታል በሚጭን መኪና 9 ጉዞ። ውኃ በቀን ለሰው 15 ሊትር ሲታሰብ 75,000 ሊትር፣ ማለትም ባለ 10,000 ሊትር ቦቴ በቀን 8 ጊዜ። አንድ ቧንቧ ለ250 ሰው ነውና 20 ቧንቧ። መጸዳጃ መጀመሪያ ለ50 ሰው አንድ፣ 100 ጉድጓድ፤ ውሎ ሲያድር ለ20 ሰው አንድ፣ 250። የሴቶቹ ለብቻው፣ ከውስጥ የሚቀረቀር፣ ማታ ብርሃን ያለው ይሁን።

ትምህርት ቤት መጠለያ ሲሆን ሌላ ሒሳብ አለ። ለአንድ ሰው 3.5 ካሬ ሜትር ቢያስፈልግ 56 ካሬ ሜትር ያለው ክፍል 16 ሰው ነው የሚይዘው፤ 60 ሰው የሚያስገቡበት ክፍል ኩፍኝ ያራባል። ሕፃናት በደረሱ ዕለት የክንዳቸው ዙሪያ ይለካ፤ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ በዚያው ቀን ወደ ሕክምና። ለመስከረም ምዝገባ ክፍሉ የሚለቀቅበት ቀን ደግሞ ሰው ሲገባ ይወሰን፤ ያለዚያ የትምህርት መምሪያውና የአደጋ መከላከሉ መስከረም ላይ በደብዳቤ ይካሰሳሉ።

የሰብል አደጋን በአጭሩ ልለፈው፤ የግብርና ሰዎች ከማንም በላይ ያውቁታል። በረዶም ይሁን ዋግ ወይም ተምች፣ የማሳው መጠን በሔክታር፣ ሰብሉ የደረሰበት ደረጃና ሊተካ የሚችል ዘር መኖሩ በሳምንት ውስጥ ካልታወቀ የሚቀጥለው ዝናብ ያልፋል።

ኔትወርክ ሲጠፋስ? ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ነበር፤ ሪፖርቱን ሁሉ በቴሌግራም ግሩፕ የለመደ መሥሪያ ቤት በአንድ ቀን ታወረ። አማራጩ ያረጀ ነው። የፖሊስ ሬዲዮ፣ ባለሞተር መልእክተኛ፣ በሁለት ቅጂ የተጻፈ ሰዓት ያለበት ማስታወሻ፤ አንዱ ቅጂ በተቀባይ ተፈርሞ ይመለሳል። ለሕዝቡ ከቅዳሴ በኋላ፣ ከጁምዓ በኋላ፣ በገበያ ቀን መሐል ገበያ ላይ ይነገር። ተናጋሪው አንድ ሰው ይሁን፤ የታወቀውን፣ ያልታወቀውንና ቀጥሎ የሚናገርበትን ሰዓት ይናገር። የሟች ቁጥር በየቀኑ በአንድ በተወሰነ ሰዓት ብቻ ይወሰድ፣ ለምሳሌ ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ፤ ጤናው በሆስፒታል፣ ፖሊሱ በአስከሬን፣ አስተዳደሩ በቀበሌ ስለሚቆጥር ሰዓቱ ካልተወሰነ ሦስቱ ፈጽሞ አይገናኙም።

መንገድ በጸጥታ ምክንያት ሲዘጋ አምቡላንስ ውስጥ ታጣቂም ባለሥልጣንም አይሳፈር፤ አንድ ጊዜ ከተሳፈረ በሚቀጥለው ጉዞ ወላዷን የያዘው መኪና ይጠረጠራል። ማለፊያውን የአገር ሽማግሌዎች፣ የሃይማኖት አባቶችና ቀይ መስቀል ይጠይቁበት፤ የቀይ መስቀል የአምቡላንስ መስመር 907 ነው።

የገንዘቡ ነገር። ጥሬ በጀት ሰኔ 30 ተመላሽ ይሆናል፤ ተገዝቶ መጋዘን የገባ ሸራ፣ ሪንገር ላክቴትና ኦአርኤስ ግን አይመለስም። ግንቦት ላይ ዕቃውን ማስገባት፣ ከነዳጅ ማደያና ከጭነት ባለንብረቶች ጋር ዋጋው የታወቀ ውል መፈራረም ሕጋዊ መንገድ ነው። በአደጋ ጊዜ ቀጥታ ግዥ ይፈቀዳል፤ የሚያስጠይቀው ወረቀቱ ሲጎድል ነው። ያጋጠመው ነገር በቃለ ጉባኤ ይጻፍ፣ የገበያው ዋጋ በሦስት ሰው ይጣራ፣ መጠኑ ለዚያ አደጋ ከሚያስፈልገው አይብለጥ። ዕቃ ሲገባ የሞዴል 19፣ ሲወጣ የሞዴል 22 ደረሰኝ ይቆረጥ፤ ሌሊትም ቢሆን። ደረሰኝ በኋላ እንሠራለን የተባለ ዕቃ ግማሹ አይገኝም፤ ብዙውን ጊዜ አልተሰረቀም፣ ማን እንደወሰደው የሚያስታውስ ስለጠፋ ነው።

የተረጂ ስም ዝርዝር በቀበሌው ስብሰባ በድምፅ ይነበብ፣ ለሦስት ቀን ይለጠፍ። የተጨመረውን ስም ከኮሚቴው ይልቅ ጎረቤት ያውቃል። እደላው በሚዛን ይሁን፤ በጣሳ ሲሆን ከእያንዳንዱ የሚጎድለው ኪሎ መጨረሻ ላይ ጆንያ ይሆናል። ሠራተኛውም ሰው ነው። አበሉ ሳይከፈል ሁለት ሳምንት መስክ የዋለ ነርስ በሦስተኛው ቢቀር አይገርምም፤ በየ12 ሰዓቱ መቀያየርና በሳምንት አንድ ቀን ማረፍ በስምሪቱ ላይ ይጻፍ።

አደጋው ሲያበቃ የሚዘጋ ነገር አለ። የተዋሱት ድንኳንና መኪና በርክክብ ይመለሳሉ፤ ጊዜው ሊያልፍበት ስድስት ወር የቀረው ሪንገር ላክቴት ለሆስፒታል ይሰጥና በአዲስ ይተካል። ግምገማው በሁለት ሳምንት ውስጥ ይደረግ፤ ከዚያ ካለፈ ሁሉም የየራሱን ታሪክ ይዞ ይመጣል። «ማን አጠፋ?» ከተባለ ሁሉም ዝም ይላል። የሚጠየቀው ጥሪው ስንት ሰዓት ደረሰ፣ የመጀመሪያው መኪና ስንት ሰዓት ተነሣ፣ በመካከሉ ያለው ጊዜ የት ሄደ የሚለው ነው። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ፊርማ ፍለጋ ነው። ያ ፊርማ የማን እንደነበረ ይለይና ውክልናው ላይ አንድ መስመር ይጨመርለት፤ ደብዳቤው እንደገና ታትሞ ለየወረዳው ይላክ።